አንዴ 200፣ አንዴ 105፦ የ7ኛ ክፍል ልጅ በቃላት የሚመጣ ሒሳብ ላይ የምትሳሳተው የት ነው?

አዌቱ ማዶ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እህታችሁ ነኝ፣ እዚህ ጅማ የ7ኛ ክፍል ተማሪ አስጠናለሁ። የማባዣ ሰንጠረዡን እስከ 12 አንድ ሳትስት ትወጣዋለች። በቁጥር ብቻ የቀረበላትንም አብዛኛውን ትሠራለች። ጥያቄው በቃላት ሲመጣ ግን ይጠፋባታል። የሠራችውን እንዳለ ልገልብጥላችሁ።

«አንድ ነጋዴ 3 ኩንታል ቡና ነበረው። ሰኞ 1/4ኛውን ሸጠ። ማክሰኞ ከቀረው 2/5ኛውን ሸጠ። ስንት ኪሎ ግራም ተረፈው?»

የልጅቷ አሠራር፦

1/4 + 2/5 = 3/9 = 1/3
300 × 1/3 = 100
300 − 100 = 200 ኪ.ግ.

ትክክለኛው መልስ 135 ነው። «ክፍልፋይ ሲደመር ታህት (የታችኛው ቁጥር) ከታህት አይደመርም» ብያት እንደገና ስትሠራው 105 አመጣች። አሁን ድምሩ ልክ ነው፣ መልሱ ግን አይደለም። ምን ብዬ ላስረዳት?

ሁለተኛው መቶኛ ላይ ነው። «አንድ ዕቃ 15 በመቶ ታክስ ተጨምሮበት 1,150 ብር ተሸጠ፤ ከታክስ በፊት ዋጋው ስንት ነበር?» ሲባል ሁልጊዜ 977.50 ትላለች። 15 በመቶውን አስልታ ትቀንሳለች። ለምን እንደማይሆን ልታምነኝ አልቻለችም።

ጠመኔ፦

እህቴ፣ ከ200 ወደ 105 የመጣች ልጅ መንገዱን አጋምሳለች። 200 ውስጥ ሁለት ስህተት አለ፣ 105 ውስጥ ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ «አሁንም ተሳስተሻል» ብለሽ እንዳታልፊያት፤ የታረመውን ለይተሽ ንገሪያት።

105ን እንፍታው። 5/20 + 8/20 = 13/20። የቀረው 7/20 ነው፣ 300 × 7/20 = 105። ስሌቱ ንጹሕ ነው። የተበላሸው ሁለቱን ክፍልፋዮች ለመደመር ስትወስን ነው። 1/4 የተባለው የ300 ኪሎ ነው። 2/5 የተባለው ደግሞ ሰኞ ማታ መጋዘን ያደረው ነው። የድፎ ዳቦ ግማሽና የሽልጦ ግማሽ ተደምሮ አንድ ሙሉ ዳቦ አይወጣውም፤ ይሄም እንደዚያ ነው።

አንድ ጥያቄ አስለምጃት፦ «የምኑ?»። ክፍልፋይ ወይም መቶኛ ባየች ቁጥር እርሳሷን ከማንቀሳቀሷ በፊት «የምኑ 1/4?»፣ «የምኑ 2/5?» ትበል። አማርኛው ራሱ ያግዛታል። «1/4ኛውን» በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው «ው» አንድ ነገር ትጠቁማለች። ልጅቷ ያችን «ው» ትክበብና ወደምትጠቁመው ቃል ቀስት ታሥምር። የመጀመሪያዋ ቀስት «3 ኩንታል» ላይ ታርፋለች፣ ሁለተኛዋ «ከቀረው» ላይ። ቀስቶቹ የተለያየ ቦታ ካረፉ መደመር የለም። አንድ ቦታ ካረፉ መደመር ይቻላል።

ከዚያ አሠራሩ እንዲህ ይውረድ፣ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሆነ በቃል እየተጻፈበት፦

የነበረው፦ 3 × 100 = 300 ኪ.ግ.
ሰኞ የተሸጠው፦ 300 ÷ 4 = 75 ኪ.ግ.
ሰኞ ማታ የቀረው፦ 300 − 75 = 225 ኪ.ግ.
የ225 1/5፦ 225 ÷ 5 = 45 ኪ.ግ.
ማክሰኞ የተሸጠው (2/5)፦ 45 × 2 = 90 ኪ.ግ.
የተረፈው፦ 225 − 90 = 135 ኪ.ግ.

«ሰኞ ማታ የቀረው» የሚለውን መስመር በፍጹም አትዝለል። ይህን ጥያቄ የሚስቱ ልጆች አብዛኞቹ የሚዘሉት እሱን ነው።

በሥዕል ደግሞ የበለጠ ይገባታል። ባለ ካሬ ደብተር ላይ 20 ካሬ በአንድ ረድፍ ታሥምር። 20 የሆነው የ4 እና የ5 ትንሹ የጋራ ብዜት ስለሆነ ነው፤ ለአራትም ለአምስትም ያለ ትርፍ ይከፈላል። ጠቅላላው 300 ኪሎ ነውና አንዱ ካሬ 15 ኪሎ ይደርሰዋል። የሰኞውን 1/4 ታጥቁር፦ 5 ካሬ። 15 ካሬ ቀረ። አሁን 2/5ን ከነዚህ ከ15ቱ ብቻ ትውሰድ፦ 15 ÷ 5 = 3፣ 3 × 2 = 6 ካሬ። እነሱን በሰያፍ ትጫር። ንጹሕ የቀረው 9 ካሬ ነው፣ 9 × 15 = 135። ከ20ው ላይ 2/5 ብትወስድ ኖሮ 8 ካሬ ትጭር ነበር፣ 7 ይቀራትና 105 ይመጣል። የሁለቱ መልሶች ልዩነት 2 ካሬ እንደሆነ በዓይኗ ስታይ ነገሩ ያልቃል።

ለመጀመሪያው ስህተት፣ ለ3/9፣ ሕግ ከመጥቀስ ይልቅ መልሱን ከራሷ ቁጥር ጋር አጋጥሚው። 1/3 ማለት 0.33 ገደማ ነው። 2/5 ደግሞ 0.4። 2/5 ላይ ሌላ ነገር ተጨምሮበት ከ2/5 ያነሰ ወጣ ማለት ነው። ተጨምሮ ማነስ እንደሌለ ልጅ ሁሉ ያውቃል። «ላዕል ከላዕል፣ ታህት ከታህት» ማድረግ የሚቻለው ማባዛት ላይ ነው፤ ልጆች ደግሞ ከማባዛት ወደ መደመር ይዘውት ይሻገራሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ውስጥ በአፋን ኦሮሞ የሚማርም በአማርኛ የሚማርም ልጅ አለ። «ላዕል» እና «ታህት» የሚሉት ቃላት ግር ካሏት «የላይኛው ቁጥር»፣ «የታችኛው ቁጥር» ማለት ይበቃል። የታችኛው ስንት ቦታ እንደተቆረሰ ይነግረናል፣ የላይኛው ስንቱ እንደተወሰደ።

ፈረሱላ፦

ጠመኔ ያለው «የምኑ?» መቶኛውንም ይፈታዋል። 15 በመቶ የምኑ? ከታክስ በፊት የነበረው ዋጋ። እሱን ደግሞ አናውቀውም፣ የተጠየቅነው ነውና። ልጅቷ 15 በመቶ የወሰደችው ከ1,150 ላይ ነው። ያ ታክሱ የገባበት ዋጋ ነው።

ለማሳመን ክርክር አያስፈልግም፣ የራሷን መልስ ወደፊት አስሠሪያት። 977.50 ላይ 15 በመቶ ጨምሪ በያት። 977.50 × 0.15 = 146.625። ሲደመር 1,124.125 ይመጣል። 1,150 አልሞላም። ራሷ «እንዴ» ትላለች።

አሠራሩን በሁለት ረድፍ ብታደርገው ይቀላል፦

ከታክስ በፊት፦ 100 በመቶ፣ ብሩ ያልታወቀ
ከታክስ ጋር፦ 115 በመቶ፣ 1,150 ብር

115 በመቶው 1,150 ብር ከሆነ፣ 1 በመቶው 1,150 ÷ 115 = 10 ብር ነው። 100 በመቶው 10 × 100 = 1,000 ብር። ማረጋገጫ፦ 1,000 × 0.15 = 150፣ 1,000 + 150 = 1,150። ወደ 1 በመቶ መውረድ መስመር ይጨምራል፣ ግን ልጁ መቼ ማባዛት መቼ ማካፈል እንዳለበት ከመገመት ያድነዋል። እኔ ከቀመር ይህን እመርጣለሁ።

የሚቀንስም አለ። ቡና ሲቆላ ክብደት ይቀንሳል፤ ውሃው ይወጣል። «ሲቆላ 15 በመቶ ይቀንሳል እንበል። 1 ፈረሱላ የተቆላ ቡና ለማግኘት ስንት ኪሎ ጥሬ ቡና ያስፈልጋል?» ብለሽ ጠይቂያት። 1 ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ ይህን የጅማ ልጅ ከቤቷ ታውቀው ይሆናል። ጥሬው 100 በመቶ ነው፣ የተቆላው 85 በመቶ። 17 ÷ 85 = 0.2፣ 0.2 × 100 = 20 ኪሎ። 17 ላይ 15 በመቶ ጨምራ 19.55 ካለች ያው የድሮው ስህተት ነው። 19.55 ኪሎ ተቆልቶ የሚወጣው 16.6175 ኪሎ ነው፣ ፈረሱላው ይጎድላል።

ይህን ከያዘች በኋላ አንዲት ጥያቄ ጨምሪላት፦ 500 ብር የነበረ ዕቃ 20 በመቶ ጨመረ፣ ቀጥሎ 20 በመቶ ቀነሰ። «ወደ 500 ተመለሰ» ካለች ገና ነው። 500 ወደ 600 ይወጣል፣ ሁለተኛው 20 በመቶ የ600 ስለሆነ 120 ይቀነስና 480 ይሆናል።

ከዲር ሱቅ፦

እኔ የማውቀው ቀላል ዘዴ አለ። ቁልፍ ቃል ማስያዝ ነው። «ይበልጣል»፣ «ጨመረ» ካለ ትደምር፤ «ያንሳል»፣ «ተረፈ» ካለ ትቀንስ፤ «እያንዳንዱ» ካለ ታባዛ። ልጆች ቶሎ ይይዙታል።

ጠመኔ፦

ወንድሜ፣ ቶሎ መያዙን አልክድም። ግን ይህ ዘዴ በቀላሉ ጥያቄ ይሠራና በከባዱ ይጥላል። ሁለቱን አስተያይ፦

«ጫልቱ 40 ብር አላት። አሊ ከእሷ በ8 ብር ይበልጣል። አሊ ስንት አለው?» መልሱ 48።

«ጫልቱ 40 ብር አላት። ይህም አሊ ካለው በ8 ብር ይበልጣል። አሊ ስንት አለው?» መልሱ 32።

ሁለቱም ውስጥ «ይበልጣል» አለ። ቁልፍ ቃል የያዘች ልጅ ሁለተኛውንም 48 ትላለች። በእሱ ፈንታ ከመሥራቷ በፊት «ማን ብዙ አለው?» ብላ ትመልስ፤ አሊ ያነሰ መሆኑን ካወቀች 48 መጻፍ አትችልም። «እያንዳንዱ» የሚለውም ያው ነው፦ «60 ደብተር ለ12 ልጆች እኩል ተከፋፈለ፣ ለእያንዳንዱ ስንት ደረሰው?» ላይ የሚያስፈልገው ማካፈል ነው።

አዌቱ ማዶ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በ20 ካሬው ሥራችሁ ገባት፣ ቀስቷንም ወዳዋለች። አሁን 135 ታመጣለች። ነገር ግን አጻጻፏ እንዲህ ሆነ፦

300 ÷ 4 = 75 − 300 = 225 × 2 = 450 ÷ 5 = 90 − 225 = 135

መልሱ ልክ ስለሆነ ልለፈው ወይስ ላስተካክላት? ሌላም አለ። ማካፈል ላይ 1,836 ÷ 6 = 36 ብላ ጻፈች። ሰንጠረዡን እያወቀች!

መስመር በመስመር፦

እባክሽ እንዳታልፊው። አሁን አይጎዳትም፣ እኩልታ ስትጀምር ግን ይጎዳታል። የ«=» ምልክት «መልሱ ይህ ነው» የሚል ደወል ከመሰላት ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ይናጋል። ምልክቱ የሚለው ግራና ቀኙ እኩል ሚዛን ነው። እሷ በጻፈችው መሠረት 300 ÷ 4 ከ135 ጋር እኩል ነው ማለት ነው፤ 75 = 135። ያው ሰንሰለት ውስጥ «75 − 300 = 225» የሚልም አለ። 75 − 300 ኔጌቲቭ 225 ነው። 7ኛ ክፍል ኔጌቲቭ ቁጥር እየተማረች እንዲህ መጻፍ ሁለቱን ያደበላልቅባታል። መድኃኒቱ ጠመኔ የጻፈው ነው፦ በአንድ መስመር አንድ «=» ብቻ፣ ቀጣዩ ሥራ ወደ ታች።

ጉዳቱን በእኩልታ ላሳይሽ። 3(x − 4) = 2x + 5። እንዲህ ይወርዳል፦

3x − 12 = 2x + 5 (3ቱ ለሁለቱም ይባዛል፣ ለ x ም ለ 4 ም)
x − 12 = 5 (ከሁለቱም ወገን 2x ተቀነሰ)
x = 17 (ለሁለቱም ወገን 12 ተጨመረ)

ማረጋገጫ፦ ግራው 3 × 13 = 39፣ ቀኙ 34 + 5 = 39። ብዙ ልጅ ቅንፉን ሲፈታ 3x − 4 ይጽፋል፤ ያኔ x = 9 ይወጣል። ሲያረጋግጥ ግራው 15፣ ቀኙ 23 ይሆንና ስህተቱ ይገለጣል። «ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚለው አባባል ራሱ ውሸት አይደለም፣ ግን ለምን እንደሚቀየር ያልነገሩት ልጅ 3x = 12 ላይም 3ቱን አሻግሮ 12 − 3 = 9 ይላል። «ለሁለቱም ወገን ምን አደረግሁ?» ብላ በቅንፍ ትጻፍ።

አሁን ወደ 1,836 ÷ 6። የጎደላት ሰንጠረዥ አይደለም፣ ዜሮ ናት።

18 ለ6 ሲካፈል 3። ከ8 በላይ 3 ይጻፋል፣ ቀሪ የለም።
ቀጣዩን 3 አውርጂ። 3 ለ6 ሲካፈል አይደርስም፤ ከ3 በላይ 0 ይጻፋል። እሷ የዘለለችው ይህን ነው።
3ቱ እንዳለ ነው፣ 6ን አውርጂ፣ 36 ሆነ። 36 ለ6 ሲካፈል 6። ከ6 በላይ 6 ይጻፋል።

መልሱ 306። ሕጉ አጭር ነው፦ አንድ ቁጥር ባወረደች ቁጥር አንድ ቁጥር ላይ መጻፍ አለባት፣ ባይደርስም ዜሮ። ከማካፈሏ በፊት ደግሞ ግምት ትያዝ፤ 1,800 ለ6 ሲካፈል 300 ነው፣ ስለዚህ መልሱ 300 አካባቢ መሆን አለበት። 36 ሲመጣባት እዚያው ትቆማለች። ባለ ካሬው ደብተር እዚህም ይረዳል፦ አንድ ካሬ፣ አንድ ቁጥር፤ ባዶ የቀረች ካሬ ወዲያው ትታያለች።

ዜሮ መቀነስ ላይም ያስቸግራል። 5,003 − 1,467 ላይ ሦስት ጊዜ መበደር ከምትገባ ከሁለቱም 4 ትቀንስ፦ 4,999 − 1,463። ያለ ምንም ብድር 3,536። ከሁለቱም እኩል ሲነሳ ልዩነቱ ስለማይቀየር ነው።

ፈረሱላ፦

የአሠራር ቅደም ተከተሉንም ፈትሺ። 48 − 12 ÷ 4 × 3 ስንት ነው በያት። 27 ካለች ከግራ ወደ ቀኝ ዝም ብላ ሄዳለች። 47 ካለች «ማባዛት ከማካፈል ይቀድማል» የሚል ተነግሯታል፤ 4 × 3ን አስቀድማ 12 ÷ 12 አድርጋለች። ትክክሉ 39 ነው። ማባዛትና ማካፈል እኩል ደረጃ ናቸው፣ ከግራ የመጣው ይቀድማል፦ 12 ÷ 4 = 3፣ 3 × 3 = 9፣ 48 − 9 = 39። መደመርና መቀነስም እርስ በርሳቸው እንዲሁ ናቸው።

ሰዓት ያለበት ጥያቄ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ነው ብለን፣ መኪናው 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከፈጀ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? 45 ÷ 1.15 ብላ 39.13 ታመጣለች። 15 ደቂቃ ከ60 ደቂቃ 1/4 ነው፣ 0.25። ስለዚህ 45 ÷ 1.25 = 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት። እዚህም «የምኑ?» ነው፦ 15ቱ ከ60 ናቸው፣ ከ100 አይደሉም።

ጠመኔ፦

እህቴ፣ ለነገ ሦስት ጥያቄ ይኸውልሽ። መልሱን ብቻ አትዪ፣ የምታመጣውን ቁጥር አንብቢው።

አንደኛ፦ 240 ገጽ ያለው መጽሐፍ አላት። ቅዳሜ 3/8ኛውን፣ እሁድ ከቀረው 2/3ኛውን አነበበች። ስንት ገጽ ቀራት? መልሱ 50 ነው (90 አነበበች፣ 150 ቀረ፣ 100 አነበበች)። ቀስቷን ረስታ 3/8 እና 2/3ን ብትደምር 25/24 ይመጣባታል፣ ከመጽሐፉ በላይ ማንበብ ስለሆነ ራሷ ትደነግጣለች። 5/11 ከጻፈች ወደ ታህት መደመር ተመልሳለች፣ የ20 ካሬውን ሥዕል ድገሚላት። እዚህ የሚያስፈልጋት 24 ካሬ ነው፣ አንዱ ካሬ 10 ገጽ።

ሁለተኛ፦ 8 በመቶ ቅናሽ ተደርጎበት 460 ብር የተሸጠ ጫማ፣ ከቅናሹ በፊት ስንት ነበር? መልሱ 500 ነው (460 ብር የሆነው 92 በመቶው ነው፣ 1 በመቶው 5 ብር)። 496.80 ካለች 8 በመቶውን የወሰደችው ከ460 ነው።

ሦስተኛ፦ 2,432 ÷ 8። መልሱ 304 ነው። 34 ካመጣች «ስንት ቁጥር አወረድሽ፣ ስንት ቁጥር ላይ ጻፍሽ?» ብለሽ ብቻ ጠይቂያት፣ እርሳሱን ግን አንቺ አትያዢው።